አራስ ልጄን ውሃ የነፈግኩበት የጋይንት ጉዞ

ሐሙስ ጠዋት ከመካነ ኢየሱስ ስነሳ ቤቴ የነበሩት እነዚህ ናቸው። ባሌ አቶ አያሌው፣ ስልኩን በእጁ ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር። ጎረቤቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ለአራሷ የሚሆን አብሽ በጨርቅ ቋጥራ አምጥታ ነበር። የባሌ እኅት ፈንታዬ፣ ስታለቅስ እኔንም ልታስለቅሰኝ ምንም አልቀራትም። ታናሿ ልጄ ሰላም፣ ትምህርት ቤት መሄጃዋ ደርሶ ቦርሳዋን አዝላ ነበር። አንዲት ዶሮም ነበረች፣ እግሯ ታስሮ። ስም የምዘረዝረው ኋላ «እኔስ አልሸኘሁሽም ወይ» የሚለኝ እንዳይኖር ነው።

ይህንን የምጽፈው ለማኅበራችን ሴቶች ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ «ጋይንት እንዴት ነው? ልጅሽስ እንዴት ናት?» ስትሉኝ ግማሹን ነግሬ ግማሹን ዋጥኩት። አሁን ሙሉውን ልጽፈው ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ፊደሉን ሰላም ታርምልኛለች፤ ነገሩን ግን እንዳትነካው ነግሬያታለሁ።

እንደምታውቁት በአገራችን ሴት ልጅ የበኩር ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። እኔም ለልጄ ለብርቱካን ሁሉን አሰናድቼ ነበር። አልጋው ተነጥፎ፣ ቅቤው ተነጥሮ፣ የገንፎው ገብስ ተፈጭቶ ተቀምጧል። ነገር ግን መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከረመ። በመጨረሻም ሐኪሞቹ «ወሯ ገብቷል፣ መኪና አትሳፈር» አሏት። ልጄ ከአርብ ገበያ ማዶ፣ በአማቷ በወይዘሮ ዝማም ቤት ወለደች። ሴት ልጅ ናት። በስልክ ሰምቼ እልል አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያን የተነጠፈ አልጋ አየሁና ከጫፉ ላይ ቁጭ አልኩ። የኔን ገንፎ ሌላ ሴት ታገነፋለች፤ የኔን የልጅ ልጅ ሌላ ሴት ታጥባለች። ወይዘሮ ዝማምን ያየኋቸው በሠርጉ ጊዜ ነው። በዚያን ቀን ደግ ሴት መስለውኝ ነበር። አሁን ግን ደግነታቸው ራሱ አስጠላኝ።

መንገድ እንደተከፈተ ሲወራ አላደርኩም። ግንቦት አጋማሽ ነበር፣ ብርቱካን ከወለደች አሥረኛ ቀኗ ነው።

እኔ መንገድ ስወጣ ውሃ አልጠጣም። ሴት ሰው በመኪና መካከል «አውርዱኝ» ማለት ያሳፍራታል። ደግሞም ያላደጉበት አገር ውሃ ሆድ ያውካል ብዬ እፈራለሁ። ስለዚህ ጠዋት አንድ ስኒ ቡና ብቻ ጠጥቼ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት የጋይንቷ ቤተ ልሔም መሪጌታ ነበሩ፤ ዜማ ያስተምራሉ። በየጥቂቱ ከፕላስቲክ ጠርሙሳቸው ይጎነጫሉ። ደብረ ታቦር ልንደርስ ስንል ጠርሙሱን ወደኔ ዘረጉት።

«እኅቴ፣ ጠጪ እንጂ።»

«አልጠማኝም አባቴ።»

«ከተነሣን ጀምሮ ጉሮሮሽን አላረጠብሽም። ግመል ነሽ እንዴ?»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። እኔም አፍሬ ሳቅሁ።

«እኔ ድምፁ የተሰበረበትን ተማሪ 'ጩኸትህን ቀንስ' አልለውም» አሉ መሪጌታው። «'ውሃ ጠጥተሃል ወይ' ነው የምለው። የደረቀ ጉሮሮ ዜማ አይዝም።»

«እኔ ዜማ የለብኝም አባቴ። አራስ ልጠይቅ ነው የምሄደው።»

«እንግዲያውማ ለአራሷም ንገሪያት።»

ለክብራቸው ብዬ አንድ ጊዜ ተጎነጨሁና መለስኩላቸው።

ደብረ ታቦር መኪና ስንቀይር ዶሮዋ እስሯን በጥሳ ከወንበር ሥር ገባች። ረዳቱ፣ አንድ ወታደርና መሪጌታው ራሳቸው ተንበርክከው ፈለጉልኝ። የያዟት መሪጌታው ናቸው። «ከድጓ ይልቅ ይህቺ አስቸገረችኝ» ብለው በነጠላዬ ጫፍ አስረው ሰጡኝ። በእኛ አገር ቄስ ለዶሮ ሲንበረከክ አይቼ አላውቅም።

ነፋስ መውጫ ስንደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። በእኛ በእስቴ ብርድ አለ እንላለን፤ የነፋስ መውጫን ነፋስ ያላየ ነው እንደዚያ የሚለው። ያረፍኩበት አልጋ ቤት ባለቤት ገና ልጅ እግር ሴት ናት። ራሴን በመቀነቴ ጥፍር አድርጌ አስሬ ስታየኝ ምን ሆነው ነው አለችኝ። ራሴ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። እኔ የሰው ዓይን ነው ብዬ ነው ያሰብኩት፤ ሲሸኙኝ ስንቄ በዝቶ ነበርና። ልጅቷ ግን ቀጭን ሻይ በትልቅ ብርጭቆ አመጣችልኝ፤ ስጨርሰው ሁለተኛ ደገመችኝ፤ የራሷን ጋቢ ደርባልኝ «ይተኙ» ብላ በሩን ዘጋችው። ራስ ምታቱ ለቀቀኝ። እኔም ዓይኑ ለቀቀኝ ብዬ ተኛሁ።

ዓርብ ጠዋት ወደ ታች ጋይንት ወረድን። እየወረድን በሄድን ቁጥር ብርዱ እየቀረ ሙቀቱ ይመጣ ጀመር። እኔ የእስቴን ቅዝቃዜ አምኜ ቅቤውን በቅል ይዤ ነበር። ጭኔ ላይ ቀለጠና ነጠላዬንም ቀሚሴንም አበላሸው። ልጄን የማየው ቅቤ በቅቤ ሆኜ ነው ብዬ ተናደድኩ። አጠገቤ ያለች ሴት «አይዞዎት፣ ለአራስ የሄደ ቅቤ መንገድ ላይ ቢፈስም ለአራሷ ነው» አለችኝ።

አርብ ገበያ ስንደርስ ገበያው ቆሞ ነበር። ከእኛ ገበያ ሰፋ ይላል፤ አህያውም ይበዛል፤ በአቧራው ውስጥ ሰው ሰውን የሚያገኘው በድምፅ ነው። መሪጌታው ተሰናብተውኝ በቤተ ልሔም መንገድ ሄዱ። አማቼ ደሳለኝ አህያ ይዞ ይጠብቀኝ ነበር። ጉልበቴን ሳመና «እንኳን ደህና መጡ፣ እማማ። ብርቱካን ከጠዋት ጀምሮ በር በሩን ነው የምታየው» አለኝ። ይህ ደስ አሰኘኝ። ወዲያው ደግሞ «እናቴም ውሃ አሙቀው ይጠብቁዎታል» ሲል ደስታዬ ቀነሰ።

ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። አገሩ ገደላ ገደል ነው፤ ማሳው ተዳፋት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሣሩ ደርቋል። የእኛ አገር በግንቦትም ቢሆን ከወንዙ ዳር ለምለም አይጠፋም። እዚህ ግን ያገኘናቸው ሴቶች ሁሉ ጀሪካን ያዘሉ ናቸው። ደሳለኝን ውሃው የት ነው ብዬ ብጠይቀው በአገጩ ወደ ገደሉ አመለከተኝ። «ቅርቡ ምንጭ ደርቋል። አሁን ወደ ታች ነው የሚወረደው።»

ቤቱ ስንደርስ ወይዘሮ ዝማም በር ላይ ቆመው ነበር። አጠር ያሉ፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ሳሙኝ፣ እግሬን ካላጠብኩ ብለው ተንበረከኩ፣ እኔም ኧረ በማርያም ብዬ አስነሣኋቸው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባሁ። ልጄ አልጋው ላይ ተደግፋ፣ ሕፃኗን አቅፋ ነበር። አጠገቧ ትልቅ ጆግ ሙሉ ውሃና ኩባያ ተቀምጧል። አቅፌያት አለቀስኩ። ፊቷ ወፍሯል፣ ቆዳዋ ያበራል። እናት በዚህ ደስ ይላታል እንጂ አትከፋም፤ እኔ ግን ከፋኝ። ያለ እኔ እንዲህ መሆኗ ከፋኝ።

«እማዬ፣ ውሃ ቅጂልኝ» አለች ብርቱካን። ተነሣሁ። ወይዘሮ ዝማምም ተነሡ። የጠራችው እሳቸውን ነበር።

በዚያች ደቂቃ ልቤ ውስጥ የገባውን ነገር ስሙን ልጥራው፤ ቅናት ነው። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ «እማዬ» ስትለኝ ያደገች ልጅ ናት።

ጆጉን ዓይኔ አልለቀቀውም። እናቴ ያስተማረችኝ አራስ አጥንቷ ክፍት እንደሆነ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ከገባባት ብርዱ ዕድሜዋን ሙሉ አይለቃትም ትለኝ ነበር። እኔ አራቱን ልጆቼን ስወልድ ገንፎና ትንሽ ጠላ እንጂ ውሃ አልቀመስኩም። ይህንን ለወይዘሮ ዝማም ነገርኳቸው።

«እኔ ሲማዳ ቆላው ውስጥ ተወልጄ ነው ለዚህ አገር የተዳርኩት» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «እዚያ አራስ ውሃ ካልጠጣች ጡቷ ይነጥፋል። አፍልቼ፣ በገንቦ አቀዝቅዤ ነው የምሰጣት።»

«በእኛ አገር ግን አይደረግም።»

«እርስዎ እናቷ ነዎት» አሉኝና ወደ ምድጃው ዞሩ። ይህ ድል መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቱን ተረከብኩ። ጆጉን ደፍቼ መደርደሪያው ላይ ሰቀልኩት። ብርድ እንዳይገባ በሩን ዘጋሁ፣ ጋቢ ደረብኩላት። ዶሮዋን አሳረድኩ። ገንፎውን በቀረው ቅቤና በበርበሬ አገነፋሁ፤ ብርቱካን ስትበላ ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። «እናቴ ስትሠራው ጣዕሙ ሌላ ነው» አለች። ይህንን ወይዘሮ ዝማም እንዲሰሙልኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ምን አልሽ?» ብዬ ደግሜ ጠየቅኳት። ውሃ ስትጠይቀኝ በስኒ ጠላ ሰጠኋት።

እሁድ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን መልስ አራስ ሊጠይቁ መጡ። ጋይንቶች እንግዳ ያከብራሉ፤ ከፍ አድርገው አስቀመጡኝ፤ ያመጡትን ዳቦ ቆርሰው ለእኔ አስቀደሙ። ነገር ግን ወሬው ሁሉ ስለ ወይዘሮ ዝማም ነበር። «ዝማም ለዚች ልጅ ያልሆኑት የለም» አለች አንዷ። ሌላዋ ደግሞ «እንደ እሳቸው ያለ አማት ቢኖረኝ እኔም በየዓመቱ እወልድ ነበር» አለችና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጥርሴ ሳቀ እንጂ ሆዴ አልሳቀም። «እናቷስ ደህና ነዎት?» ያለኝ ሰው የለም አልልም፤ ነበር፤ ግን ሁለተኛ ተደርጌ ነው የተጠየቅኩት።

ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ራሴን አመመኝ አለች። ሕፃኗ ጡት ይዛ ትለቃለች፣ ትጮኻለች። «እማዬ፣ ውሃ» አለችኝ ቀስ ብላ። ጠላ ጨመርኩላት። ወይዘሮ ዝማም ምድጃው አጠገብ ሆነው ቀና ብለው አዩኝ። አንድ ነገር ሊሉ ከንፈራቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። እኔ እንዳልቀየማቸው ፈርተው ነው። ይህ አሁን ይገባኛል።

ሰኞ ጠዋት እሳቸው ውሃ ወርደው፣ ደሳለኝ ደጅ ከከብቶቹ ጋር ነበር። ብርቱካን ወደ ሽንት ቤት ልሂድ ብላ ተነሣች። ሕፃኗን እኔ ይዣለሁ። በሩ ጋ ስትደርስ ግድግዳውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችም፤ ወደቀች። ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። ስሟን ብጠራ ዓይኗን ትገልጣለች እንጂ አትመልስልኝም። ሕፃኗን በአንድ እጄ፣ የልጄን ራስ በሌላው ይዤ ጮህኩ። ደሳለኝ ሮጦ ገባ፤ አልጋው ላይ አወጣትና ወደ ጤና ኬላው ሮጠ። እኔ ወንዶች ልጆችም ሴቶች ልጆችም አሉኝ፤ በዚያች ሰዓት ግን ያለችኝ እሷ ብቻ ነበረች። እግዚአብሔርን የለመንኩት በምን ቃል እንደሆነ አላስታውስም። እኔ ገደልኳት የሚል ሐሳብ ብቻ ነው ያለኝ።

ይዟት የመጣት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሙሉ ትባላለች። የሰላምን ታላቅ የምታህል ልጅ ናት፤ ግን እጇ የአዋቂ ነው። ትኩሳቷን ለካች፣ ደም እንዳልፈሰሳት አየች፣ የእጇን ቆዳ ቆንጥጣ ለቀቀች፣ ምላሷን አየች። ስለ ሽንቷ ጠየቀቻት። ብርቱካን አፍራ «እንደ ጠላ ጠቁሯል፣ ትንሽ ነው» አለች። ይህንን መጻፍ ያሳፍራል፤ ሆኖም ለእኛ ለሴቶች ስለሚጠቅም እጽፈዋለሁ።

«ሰሞኑን በቀን ስንት ኩባያ ውሃ ትጠጣለች?» አለች ሙሉ።

የብርቱካንን ጋቢ አስተካከልኩ። ወይዘሮ ዝማም በዚያው ደርሰው ጀሪካናቸውን ገና ከጀርባቸው አላወረዱም ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ» አሉ። «ምንጩ ርቆብኝ ውሃ አሳነስኩባት።»

ሙሉም መደርደሪያው ላይ የተደፋውን ጆግ አየች፣ እኔን አየች። ብርቱካንም አየችኝ። እኔ ምን ማለት ነበረብኝ? «እኔ ነኝ የከለከልኳት» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ይልቅስ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ፦ ይህችንም እንኳ ቀደሙኝ ብዬ አሰብኩ። ስለ ልጄ ጥፋት መሸከም እንኳ የእሳቸው ሆነ።

ሙሉም ውሃ በስኳርና በትንሽ ጨው በጥብጣ በማንኪያ፣ ከዚያም በኩባያ እየቆየች አጠጣቻት። እያጠጣችም ታስረዳኛለች። «ልጅቷ የምትጠባው ወተት አብዛኛው ውሃ ነው። እናትየዋ የወጣውን ካልተካች ራሷን ያዞራታል፣ ራሷን ያማታል፣ ሆዷም ይደርቃል። ባጠባች ቁጥር አንድ ኩባያ ይስጧት፤ እስኪጠማት አይጠብቁ።»

«ብርድስ?» አልኳት።

«ብርድ በውሃ አይገባም፣ እማማ። አፍልታችሁ አቀዝቅዛችሁ ስጧት። ደግሞ ይህን በር ክፈቱት፤ እኔ ራሴ ልወድቅ ነው።»

«ለሕፃኗስ ጠብታ ላቅምሳት?»

«ለእሷማ ስድስት ወር እስኪሞላት ከጡት ሌላ ምንም። የእሷ ውሃ በእናቷ በኩል ነው የሚመጣው።» ቀጥላ እኔን ትኩር ብላ አየችኝ። «እርስዎስ ይጠጣሉ? ከንፈርዎ እንደ እሷ ነው።»

መንገድ ላይ እንደማልጠጣ፣ ራሴን እንደሚያመኝ ነገርኳት። ሳቀች። «የሰው ዓይን ነው አላሉም?» አለች። እንዴት እንዳወቀች አላውቅም።

ሽንት ነጣ ብሎ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ደህና ነው፤ ከጠቆረ ሰውነት ውሃ እየለመነ ነው ብላናለች። ይህንን በልባችሁ ያዙት። ማታ ላይ ብርቱካን ፊቷ ተመለሰ። ሕፃኗም ጠግባ ተኛች።

ማክሰኞ ንጋት ላይ ወይዘሮ ዝማም ጀሪካን ሲያነሡ እኔም አንዱን አነሣሁ። አብሬ የወረድኩት ከፍቅር አይደለም፤ ለልጄ ውሃ እኔም መቅዳት እችላለሁ ለማለት ነው። ቁልቁለቱ ድንጋይ ድንጋይ ነው፤ እሳቸው እንደ ፍየል ይወርዱታል። ምንጩ ጋ ሴቶች ተራ ይዘው ተቀምጠዋል። ሞልቼ፣ አዝዬ፣ ዳገቱ ላይ አዳለጠኝና ግማሹን ደፋሁት።

«የእስቴ ሰው ውሃ የሚያውቀው በቧንቧ ነው መሰል» አለች አንዷ።

«ተዪያት፣ መሬቱም ጠምቶት ነው» አለች ሌላዋ።

ወይዘሮ ዝማም ምንም ሳይሉ ከራሳቸው ጀሪካን ቀንሰው ለእኔ ሞሉልኝ። በዚህም ቀናሁ።

እዚህ ላይ ስለ ዓይኔ ልንገራችሁ። ከዓርብ ጀምሮ እኚህን ሴት ሳያቸው ነበር፤ እንከን ፍለጋ። ሲጋግሩ፣ ሲጠርጉ፣ ሕፃኗን ሲያቅፉ፣ አንድ ጥፋት ባገኝ ብዬ ዓይኔን አልነቀልኩባቸውም። አንድም አላገኘሁም። ምንጩ ጋ ግን ሴቶቹ ሁሉ እየጎነበሱ በእፍኛቸው ሲጠጡ እሳቸው ፊታቸውን ብቻ እርጥብ እርጥብ አድርገው ተነሡ። ያን ጊዜ አሰብኩት፦ በአምስት ቀን ውስጥ እኚህ ሴት ውሃ ሲጠጡ አላየሁም። አንድ ጊዜም። የመጀመሪያው ጀሪካን ለአራሷ ነው፣ ሁለተኛው ለምግብና ለእጥበት፤ የቀረው ለጥጃዋ።

መንገዱ መካከል ስናርፍ ጠየቅኳቸው። «እርስዎስ መቼ ነው የሚጠጡት?»

«አልጠማኝም» አሉ።

እንዲህ እያሉ በቀኝ እጃቸው ጎናቸውን ያዙ፤ ፊታቸው ጭምድድ አለ። አለቀቃቸውም። ምን ሆነው ነው ብላቸው ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ጎናቸውን እንደሚወጋቸው፣ ሽንት ሲሸኑም እንደሚያቃጥላቸው ነገሩኝ። ለማንም ነግረው አያውቁም።

«ለሙሉ ለምን አይነግሯትም?»

«ከነገርኳት ደሳለኝ ይሰማል፣ ብርቱካንም ትሰማለች። አራስ እያለች ምን ላስጨንቃት? የሚቀዳውስ ማን ነው?» አሉ። ከዚያ እጄን ያዙኝ። «እኅቴ፣ በማርያም፣ ይቺ በእርስዎ ትቅር።»

ትቅር አልኳቸው።

ምስጢር የጠበቅኩት ለእሳቸው ብዬ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ለብርቱካን ብነግራት ስለ እሳቸው ታለቅሳለች፤ ደሳለኝ እሳቸውን በቃሬዛም ቢሆን ይዞ ይወጣል፤ ቤቱ ሁሉ ስለ እሳቸው ይሆናል። እኔ የቀረችኝ አንዲት ቀን ነበረች። ያቺን ቀን ልጄን ለብቻዬ ፈለግኋት። በዚያ ቀን ጆጉን እኔ ሞላሁ፣ ኩባያውን እኔ ያዝኩ፣ ባጠባች ቁጥር እኔ አጠጣሁ። ብርቱካን «አሁንስ በውሃ ልታሰምጭኝ ነው» እያለች ትስቃለች። ደስ አለኝ። ወይዘሮ ዝማም ደግሞ ምድጃው አጠገብ ጎናቸውን ደገፍ አድርገው ተቀምጠው ያዩናል።

ረቡዕ ተሰናበትኩ። ወይዘሮ ዝማም የፈላ ውሃ ቀዝቅዞ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው ሰጡኝ። «መንገድ ላይ ይጠጡት፣ ራስዎን እንዳያምዎት» አሉ። ተቀበልኳቸው። «እርስዎም ይጠጡ፣ ለሐኪምም ይታዩ» አልኳቸው በጆሯቸው። «እሺ፣ እሺ» አሉ፤ እሺታቸው የእንግዳ መሸኛ እንደሆነ እያወቅኩ ሄድኩ።

የመመለሻውን መንገድ ብዙ አልጽፍም። ውሃውን ግን ጠጣሁት። ከነፋስ መውጫ ስንነሣ አስፈለገኝና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ሾፌር፣ አውርደኝ» አልኩ። አፍሬ መሬት መሬቱን እያየሁ ስወርድ ከኋላዬ ስድስት ሴቶች ተከትለው ወረዱ። ሁላቸውም አንድ ሰው እንዲናገርላቸው ሲጠብቁ ነበር። እባካችሁ፣ መንገድ ስትወጡ ጠጡ፤ ስትፈልጉም ተናገሩ። የምታፍሩት ብቻችሁን አይደላችሁም። ሐሙስ ሲመሽ ቤቴ ገባሁ፤ ራሴንም አላመመኝም።

ከተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት ደሳለኝ ደወለ። እናቱ ምንጩ ዳገት ላይ ወድቀው ተገኝተዋል፤ ሰዎች ተሸክመው አርብ ገበያ አወጧቸው፤ ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር ሊወስዷቸው መኪና ላይ ናቸው። ኩላሊት ነው ተብሏል፣ ብዙ ቆይቶባቸዋል ተብሏል። ብርቱካን ስልኩን ተቀበለችው። እንደዚያ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም። «ማንም አላወቀም፣ ለማንም አልነገረችም» አለችኝ። ለእኔ ነግረውኛል አላልኳትም። እኔ ብታመም ኖሮ እንዲህ ታለቅስልኝ ነበር ወይ ብዬ ነው ያሰብኩት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። ኔትዎርኩ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ መንገዱም እንደገና ተዘግቷል ይላሉ።

ይህን ጽሑፍ ሰላም በማኅበሩ ቀን ታነብላችኋለች። ከእናንተ መካከል ከደብረ ታቦር የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ፣ ወይም በዓርብ ወደ አርብ ገበያ የሚሄድ ነጋዴ የምታውቁ ብትኖሩ፣ ወይዘሮ ዝማምን ጠይቁልኝ። አጠር ያሉ፣ ቀጭን፣ የደሳለኝ እናት ናቸው፤ ሲማዳ ነው የተወለዱት። ድነው ቤታቸው ገብተው እንደሆነ፣ ውሃውን አሁን ማን እንደሚቀዳላቸው ንገሩኝ። ቤቴን ታውቁታላችሁ፤ በማንኛውም ሰዓት ኑ።